እውነት ወይስ ተረት? የጠመንጃ ምላጭ በቤት ሞረድ ይለሰልሳል?

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ቤንች ቀበሌዎች በተዘረጋው የቡና ምድር ጠመንጃ የብዙ ቤት ዕቃ ነው። ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሌሊት የሚጠበቀው በእሱ ነው። በቆሎ ሲያሽት ከርከሮና ዝንጀሮ የሚሸሸውም የእሱን ድምፅ ሰምቶ ነው። አንዱ ቤት ከአያት የወረደ ቤልጅግ ተሰቅሏል፣ ሌላው ቤት ክላሽ አለ። ክላሹ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ በገፍ የገባው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ፣ የሱዳን ጦርነት መሣሪያውን ወደ ማጂና ወደ ሱርማ ሲያፈስሰው ነው። በሱሪዎች ዘንድ ከከብት ጋር ለጥሎሽ እስከ መቆጠር ደርሷል።

ባለቤቶቹ ስለ ጠመንጃቸው ሲያወሩ ቅሬታው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ምላጩ ላይ ነው። ይከብዳል፣ ይሻክራል፣ ሲስቡት እየተንቀረፈፈ ይመጣል። መድኃኒቱም ወዲያው ይታዘዛል፤ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ፒንሳ። አንዱ ለሌላው እየነገረ የተላለፈው ምክር ግን አብዛኛው ተረት ነው፤ እንዲህ ያለው ተረት ደግሞ የሚያጠፋው ብረት ብቻ አይደለም።

"ፋብሪካው ሸካራ አድርጎ ትቶታል፤ ትንሽ ሞረድ ይበቃዋል"

ተረት፤ ከሁሉም አደገኛው።

ክላሽ ሲከፈት ምላጩ ከላይ ሁለት መንጠቆ የሚመስሉ ጥርሶች አሉት። መዶሻው ወደ ኋላ ሲተኛ ጫፉ እነዚህ ጥርሶች ላይ ይነክሳል። ጥይት ጎርሶ የተቀመጠ ጠመንጃ እንዳይተኩስ የሚይዘው ይኸው ንክሻ ነው። ምላጩ ሲሳብ ጥርሱ ወደ ፊት ይንሸራተትና መዶሻውን ይለቀዋል። ጣት ላይ የሚሰማው ክብደትና መሻከር በከፊል የዚህ መንሸራተት ስሜት ነው።

ሞረድ የያዘ ሰው የሚያየው ሸካራ ብረት ነው። የማያየው ደግሞ ያ ብረት ላይ ላዩን በእሳት የጠነከረ መሆኑን ነው። የጠነከረው ቆዳ ስስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይዘልቅም። ከሥሩ ያለው ብረት ለስላሳ ነው፤ እንዲህ የተሠራውም ጥርሱ በምት እንዳይሰበር ታስቦ ነው። በእጅ የሚሞርድ ሰው ቆዳውን መች እንደጨረሰ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከጨረሰው በኋላ ምላጩ ለጥቂት ሳምንታት እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ ባለቤቱም "አየህ!" ይላል። ከዚያ ለስላሳው ብረት በእያንዳንዱ ተኩስ እየተጨፈለቀ ይሄዳል። ንክሻው እየቀነሰ ይመጣና አንድ ቀን ሰደፉ መሬት ሲነካ፣ ወይም ሞተር ሳይክል ጉድጓድ ሲገባ፣ መዶሻው በራሱ ይለቃል።

የተሞረደ የክላሽ ምላጭ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። አንደኛው ጥርስ ጫፉ ተከርክሞ ወደ ታች ዘምሟል፣ ሁለተኛው እንደ ነበረ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መዶሻው የተነከሰው በአንዱ ጥርስ ብቻ ነበር። በዚያውም ላይ በሞረዱ ጭረት መሐል ጥፍር የማታህል የምታብለጨልጭ መስመር ብቻ ነበረች መዶሻውን ስትይዝ የኖረችው። ያ ጠመንጃ ሰው ቤት፣ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ሌላው የሞረድ ጥፋት ማዕዘን ነው። ጥርሱና መዶሻው የሚገናኙበት ማዕዘን የተለካው መዶሻው በሞላው ኃይል ሲገፋ ጥርሱን ይበልጥ ወደ ንክሻው እንዲስበው ነው። ማዕዘኑ ትንሽ ከተዛባ ያው ኃይል ጥርሱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ምላጩን የነካው ሰው ሳይኖር መዶሻው ራሱን በራሱ ያስለቅቃል። በዓይን የማይለይ ልዩነት ነው፤ የጦር መሣሪያ ጠጋኝ በመለኪያና በመያዣ የሚሠራውም ለዚህ ነው።

"ሁለት ጊዜ የሚሳብ ምላጭ ያረጀ ምላጭ ነው"

ተረት። ቤልጅግ የሚባለው ከቤልጂየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የመጣው ሞዘር ሲሠራም ሁለት ጊዜ የሚሳብ ነበር። መጀመሪያ ቀለል ብሎ ይመጣል፣ ከዚያ እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ ከግድግዳው በኋላ ነው የሚተኩሰው። ምላጩ አናት ላይ ሁለት ጉብታ አለ። የመጀመሪያው ጉብታ ጥልቁን ንክሻ ያሳጥራል፣ ሁለተኛው ቀሪዋን ይለቃል።

ይህ የተደረገው ወታደር ጠመንጃ ይዞ ስለሚሮጥ፣ ስለሚወድቅ፣ ገደል ስለሚወርድ ነው። ጣት ሳይነካው ንክሻው ጥልቅ ይሆናል፤ ጣት ሲነካው ብቻ ያጥራል። "የላላውን ላጥፋለት" ብሎ የመጀመሪያውን መሳቢያ ያስወገደ ሰው ጠመንጃውን ሁልጊዜ በአጭሩ ንክሻ ላይ አንጠልጥሎ እየዞረ ነው።

በነገራችን ላይ እንዲህ ያለው ጠመንጃ እንጨቱም ምላጩን ያከብዳል። በክረምት ያልተቀባ እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ምላጩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይጠብና ጎኑን ያሻሸዋል። በሐምሌ ከብዶ በጥር የሚቀለው ምላጭ ካለ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እንጨቱ ነው። እንጨት ላበጠበት ብረት መሞረድ ደግሞ ከንቱ ጥፋት ነው።

"ሞላውን ትንሽ ብትቆርጠው ይቀላል"

ይቀላል፤ ይህ እውነት ነው። ከመቅለሉ ጋር ምን እንደሚመጣ ግን አይነገርም።

አንድ የቡና ጠባቂ ወጣት ድሮ በጦር ሠራዊት ያገለገሉ አንድ አዛውንት ፊት ይህን ሲያነሳ ሰምቻለሁ። "ጋሼ፣ የመዶሻውን ሞላ ግማሽ ዙር ብቆርጠው ምን ይለዋል?" አላቸው። አዛውንቱ ጠመንጃውን ተቀብለው ካዝናውን ነቀሉ፣ መጉረሻውን በዓይናቸውም በጣታቸውም ፈተሹ፣ ከዚያ ክዳኑን ከፈቱና ሞላውን አሳዩት። "ልጄ፣ ይኼ ሞላ መዶሻውን ብቻ አይደለም የሚገፋው። ጫፎቹ የት እንዳረፉ እይ።"

ያሳዩት ነገር የክላሽን አሠራር የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ነው። የመዶሻው ሞላ እንደ ሹሩባ ከተጎነጎነ ሽቦ የተሠራ ነው፤ አንዱ ዘለላ ቢበጠስ ሌሎቹ ሥራውን እንዲቀጥሉ። ሁለቱ ረጃጅም እግሮቹ የሚያርፉት ምላጩ ጀርባ ላይ ነው፤ ስለዚህ መዶሻውን የሚገፋውም ምላጩን ወደ ቦታው የሚመልሰውም ያው አንድ ሞላ ነው። እሱን ያደከመ ሰው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደክማል። መዶሻው ሲዳከም መርፌው ከቀለሁ ግርጌ ያለችውን ካፕሱል በበቂ ኃይል አይመታትም። የወታደር ጥይት ካፕሱል ደግሞ በዓላማ ጠንከር ተደርጎ የተሠራ ነው። ጥይቱ ይከሽፋል፤ ይባስ ብሎም ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል፣ ባለቤቱ "ከሸፈ" ብሎ ሲከፍተው። ምላጩ ሲዳከም ደግሞ ጥርሱ መዶሻውን ለመንከስ በጊዜ አይመለስም።

ወጣቱ ሞላውን አልቆረጠም። ይህን ሳያይ የቆረጠ ስንት ሰው እንዳለ ሳስብ ግን ያሳዝነኛል።

"መቆለፊያው እስካለ ድረስ ችግር የለም"

ተረት፤ በተለይ ለክላሽ። የክላሽ መቆለፊያ የሚይዘው ምላጩን እንጂ መዶሻውን አይደለም። ምላጩ እንዳይንቀሳቀስ ከኋላ ይጫነዋል፤ ጥርሱ ጤነኛ ከሆነ ይህ ይበቃል። ጥርሱ ከተሞረደና ከተበላ ግን የተቆለፈ ምላጭ ላይ ያለ መዶሻም ሊንሸራተት ይችላል። ሞዘር በዚህ በኩል የተሻለ ነው፤ መቆለፊያው ከኋላ ያለውን የመርፌውን ጭራ ራሱን ስለሚይዝ ምላጩ ቢበላም ይጠብቃል። ቢሆንም መቆለፊያው ሲከፈት የሚሆነውን አይጠብቅም።

የመቆለፊያን ወሰን ዓለም በውድ ዋጋ ተምሮታል። ረሚንግተን ሞዴል 700 እ.ኤ.አ. በ1962 ለገበያ የቀረበ፣ በአሜሪካ በሚሊዮን የተሸጠ የአደን ጠመንጃ ነው። በቀድሞው ምላጩ ውስጥ ኮኔክተር የምትባል ከምላጩ ጋር ያልተጣበቀች ትንሽ ቁራጭ ነበረች። ከሳሾች ያሉት ቆሻሻ፣ ዝገት ወይም የረጋ ዘይት ያቺን ቁራጭ ከቦታዋ ሲያስቀራት መቆለፊያው ሲከፈት ጠመንጃው ማንም ሳይስበው ይተኩሳል የሚል ነው። ኩባንያው ጉድለት የለበትም ብሎ ለዓመታት ተከራከረ። በመጨረሻ ግን ምላጩን በነጻ ለመቀየር ስምምነት ተደረገ፤ ስምምነቱም እ.ኤ.አ. በ2018 በይግባኝ ፍርድ ቤት ጸደቀ። መሐንዲስ ነድፎት በፋብሪካ የተሠራ ምላጭ እንዲህ ካከራከረ፣ በብየዳ ቤት ጠረጴዛ ላይ በሞረድ የተሠራው ምን ዋስትና አለው?

"ዘይት በዛ ሲል ምላጩ ይቀላል"

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ለእኛ አገር ዋናው ነገር ይህ ስለሆነ።

ሚዛን ተፈሪ አካባቢ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንባል፤ በኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ያህል የሚያገኝ ቦታ ጥቂት ነው። ይህ ሰማይ ቡናውን ያሳድጋል፣ ብረቱን ደግሞ ይበላል። በዚህ ምድር "ምላጬ ሻከረ" የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ፋብሪካ ሳይሆን ስለ ዝገት፣ ስለ ረጋ ዘይትና ስለ አቧራ ነው። ጠመንጃው ሲገዛ ለስላሳ ነበር፤ ያሻከረው ክረምቱ ነው። ይህ መልካም ዜና ነው፣ ምክንያቱም የሚታጠብ ነገር ነው።

ዘይት ማብዛት ግን ማጠብ አይደለም። ወፍራም ዘይትና ግሪስ አቧራና የቡና ገለባ ብናኝ ይሰበስባሉ፤ ተደባልቀው የሚያሻክር ጭቃ ይሆናሉ። የወጥ ዘይት የሚቀባም አለ። የምግብ ዘይት ስስ ሆኖ ሲቆይ አየር ያጠነክረዋል፤ መጥበሻ ጠርዝ ላይ እንደሚጋገረው ቡናማ ሙጫ ሆኖ ምላጩን ያጣብቀዋል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይትም አሲድና የብረት ብናኝ ይዞ ነው የሚመጣው።

የባሰው ጨው ነው። የድሮ የምሥራቅ ሠራሽ ጥይት አብዛኛው ካፕሱሉ ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይተዋል፤ የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ። ክላሽ ደግሞ በጋዝ የሚሠራ ስለሆነ ያ ጨው አፈሙዝና ጋዝ ቱቦ ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ ምላጩና መዶሻው እስካሉበት ድረስ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጨው ከአየር ውሃ ይስባል፤ በእኛ አየር ደግሞ የሚስበው ውሃ ሞልቷል። በማግሥቱ ቀይ ዝገት ይታያል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ ከላይ ሸፍኖት ያልፋል እንጂ። ጨውን የሚያሟሟው ውሃ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥይት የተኮሰ ጠመንጃ መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና መታጠብ፣ በጨርቅና በፀሐይ እስከ ውስጡ መድረቅ፣ ከዚያ በስስ የጠመንጃ ዘይት መጥረግ አለበት። "ጠመንጃ ውሃ አይነካም" የሚለው ምክር ስንት ጠመንጃ እንዳዛገ!

ስስ ስል ስስ ነው። ዘይት የነካ ጨርቅ አሳርፎ፣ በደረቅ ጨርቅ መልሶ ማንሳት። ጣት ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ በዝቷል።

"በላስቲክ ከተጠቀለለ ዝናብ አይነካውም" የሚለውም የዚሁ ተረት ወንድም ነው። ላስቲክ ዝናቡን ያስቀራል፣ እርጥበቱን ግን ያስራል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እንፋሎት በብረቱ ላይ ጤዛ ይሆናል። በየጊዜው እየተፈታ የሚታይና አየር የሚያገኝ ጠመንጃ በላስቲክ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተረሳው ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል።

በደንብ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በስሱ የተቀባ ምላጭ ስንቱ ሰው "ማን ሞረደልህ?" እስኪለው ይለወጣል። ከታጠበም በኋላ የሚሻክር ከሆነ ያ የጠጋኝ ጉዳይ ነው።

"ባዶውን መሳብ ጠመንጃ ያበላሻል"

ለትንሿ 22 ካሊበር እውነት ነው፤ መርፌዋ ጥይት ሳይኖር የመጉረሻውን ጠርዝ ልትመታ ትችላለች። ለክላሽና ለሞዘር ግን አልፎ አልፎ በባዶ መሳብ ጉዳት የለውም። እንዲያውም ከማጽዳት በቀር የምላጭን ስሜት በቤት ለማሻሻል ያለው ብቸኛው አስተማማኝ መንገድ ይኸው ነው፤ የሚለወጠው ጣቱ ስለሆነ።

ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው። ካዝናው ይነቀላል፣ መጉረሻው በዓይንም በጣትም ይፈተሻል፣ ጥይት የሚባል ነገር ከዚያ ክፍል ይወጣል፣ አፈሙዙም ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ፣ ጥይት ቢያልፍ ወደሚያስቀር ነገር ይዞራል። ከዚያ የጣት የመጀመሪያው አንጓ ሥጋ ምላጩ ላይ ያርፋል፤ መታጠፊያው አይደለም። ቀስ ብሎ፣ ሳይነጥቁ፣ መዶሻው መች እንደሚወድቅ ሳይጠብቁ መሳብ ነው። አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ ሳንቲሙ ሳይወድቅ መሳብ የቆየ የወታደር ልምምድ ነው። ብዙ ሰው ምላጩ የከበደው የሚመስለው ድምፁንና ምቱን ፈርቶ ጣቱን ስለሚነጥቅ ነው።

"ቀላል ምላጭ ኢላማ መቺ ያደርጋል"

ከፊል እውነት። የስፖርት ተኳሾች ቀላል ምላጭ ይጠቀማሉ፤ በበረዶ ላይ መንሸራተትና መተኮስ በሚፈራረቁበት ባያትሎን ዝቅተኛው የምላጭ ክብደት 500 ግራም ነው፣ በ300 ሜትር ስታንዳርድ ጠመንጃ ውድድር ደግሞ 1,500 ግራም። እነዚህ ጠመንጃዎች ግን ጥይት የሚጎርሱት ተኳሹ ቦታውን ይዞ አፈሙዙን ወደ ኢላማ ካዞረ በኋላ ብቻ ነው።

የወታደር ጠመንጃ የተነደፈው ለሌላ ኑሮ ነው። ከአሜሪካ በወታደራዊ ዕርዳታ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ኤም 1 ጋራንድ ምላጩ ከ2.5 እስከ 3.4 ኪሎ ገደማ እንዲሆን ነው የተደነገገለት። የእኛም ጠባቂ ኑሮ ከስፖርተኛው ይልቅ ለወታደሩ ይቀርባል። ጠባቂው በጨለማ፣ በዝናብ፣ በጭቃ ላይ፣ ጋቢ ለብሶ ይሄዳል። በሠርግና በለቅሶ ሰው መሐል ይይዘዋል፤ በአውቶብስ ከእግሩ መሐል አቁሞት ይጓዛል። ጋቢ የሚስበው ምላጭ ለኢላማ ምንም አይጠቅምም።

"የራሴ ጠመንጃ ነው፣ ማን ከለከለኝ"

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መያዝን ብቻ ሳይሆን ጥገናንም ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ አድርጎታል፤ ተቆጣጣሪውም የፌዴራል ፖሊስ ነው። ማጽዳትና መቀባት የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ የምላጭን ጥርስ መንካት ግን ሌላ ነገር ነው። የተሞረደ ጠመንጃ ሰው ከገደለ "ሳልስበው ነው የተኮሰው" የሚለው ቃል ሞረዱን የያዘውን እጅ ነጻ አያወጣም።

"ከተበላ በብየዳ ይመለሳል"

ተረት፤ ቀድሞ ያጠፋ ሰው የሚጽናናበት ተረት። ብየዳ ጥርሱ ላይ ብረት ይጨምራል፣ ሙቀቱ ግን የቀረውን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ የተጨመረውም በእጅ ተሞርዶ ነው ቅርጽ የሚይዘው። ከሁለት ጥፋት አንድ ጤነኛ ምላጭ አይወጣም።

አሮጌ ጠመንጃ የወረሰ ወይም የገዛ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ጥርሱ ላይ የሞረድ ጭረት፣ የሚያብለጨልጭ ስስ መስመር፣ የተቆረጠ የሞላ ጫፍ ካየ፣ ወይም ባዶውን ጠመንጃ አቀባብሎ ሰደፉን በመዳፉ ሲመታ መዶሻው ከወደቀ፣ ጥይት አያጉርሰው። ለፖሊስ አሳውቆ ፈቃድ ወዳለው ጠጋኝ ይውሰደው፤ ምላጩ፣ መዶሻውና ሞላው አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ማዋሃድ አይመከርም፤ ጥርስና ጥርስ የሚግባቡት አብረው ሲለኩ ነውና። እስከዚያ ጠመንጃው ባዶውን፣ ጥይቱ በሌላ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጣል።